ስድስት ካሬ ታዛ

እኔን ያንገበገበኝ የግብሩ መጨመር አይደለም። ግብርማ ድሮም ይጨምራል፤ ሲቀንስ ያየ ካለ መጥቶ ይንገረኝ። ያንገበገበኝ ልኩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳይለካ የተቆረጠ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወረቀቱ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመጣው በእህቴ ስም ነው፤ የቤቱ ካርታ በእሷ ስም ስለሆነ። እህቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ ግማሹን ተቀብላ ወደዚች ዓለም ያስገባችው እሷ ስለሆነች ማንም ቀና ብሎ አይመልስላትም። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለዚህ ይመስለኛል ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ መነጽር አድርጌ፣ ጉልበቴን እያመመኝ፣ እስካሁን ሚጣ እያለች የምትጠራኝ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ጫነችበት።

«የሦስት ወር ጡረታዬ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የዓመቱ የቤት ግብር። አምና የአንድ ወር ነበር።»

እትዬ የምታማርር ሴት አይደለችም። ምጥ ላይ ያለች ሴት ስትጮህ እንኳን ድምፅዋን ሳትጨምር «በርቺ» ነው የምትለው። ስለዚህ ያን ቀን ሦስት ወር ስትል ነገሩ የእውነት እንደከበዳት ገባኝ። ወረቀቱን ተቀበልኳትና እኔም አነበብኩት። ተመኑ በካሬ ሜትር በእጥፍ ጨምሯል። እጥፍ ከሆነ ሁለት ወር ነው መሆን ያለበት፤ ሦስተኛው ወር ከየት መጣ? ወረድ ብዬ ሳይ «የቤቱ ስፋት» የሚል አለ። መቶ ሃምሳ አራት ካሬ ሜትር ይላል።

ይህ ቤት መቶ ሃምሳ አራት ካሬ ከሆነ እኔ በየትኛው ክፍል ውስጥ ነው ያልተኛሁት?

ወዲያው ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የኔ ሜትር የልብስ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። በእሱ ቤት መለካት ጎተራ በማንኪያ እንደ መስፈር ነው። ግን ለክቼ አላውቅምና አይሆንም የምል ሴት አይደለሁም። በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ፣ ግድግዳውን ዞርኩት። የማዶው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የሂሳብ አስተማሪ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ ቆየ። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ሲካፈል ነው፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በዚያ ነው፤ እሱም ወዶታል።

«ቀለበት ጠፋብሽ እንዴ?» አለኝ።

«ሃምሳ ስምንት ካሬ ሜትር ነው የጠፋብኝ» አልኩት።

አሥራ ሁለት በስምንት። ዘጠና ስድስት። ሁለቴ ለካሁት፤ ሁለቴም ዘጠና ስድስት።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሦስት መስኮት አዟዙረውኝ በመጨረሻ አንዲት ትሁት ልጅ የቤታችንን ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ቤታችን ግን የለም። ያለው ቆርቆሮ ነው።

«ከላይ ነው የተነሳው» አለችኝ። «በድሮን። ጣሪያውን እየዞርን ነው ስፋቱን የምናወጣው።»

ወዲያው ገባኝ። እንደሱ ከሆነማ እነዚህ ሰዎች ልብስ ሰፊ ቢሆኑ ኖሮ ባለ ባርኔጣውን ሁሉ ከላይ አይተው ሱሪውን በባርኔጣው ዙሪያ ልክ ይቆርጡለት ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አባታችን አናጢ ነበር፤ ያውም የጣሪያ አናጢ። ግድግዳ የሚገድለው ዝናብ ነው የሚል እምነት ነበረው፤ ስለዚህ የሠራውን ጣሪያ ሁሉ ከግድግዳው አሳልፎ ያወጣዋል፤ ከጎንና ከኋላ አንድ አንድ ሜትር፣ ከፊት ለፊት ሁለት ሜትር። የመንገዳችንን ቤቶች አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው፤ ያልሠራውንም አይተው ቀዱት። ክረምት ላይ ከዳቦ ቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ ጠብታ ሳይነካህ ከታዛ ታዛ እያልክ ትደርሳለህ። መንገደኛው ይጠለልበታል፣ ተማሪው ይጠለልበታል፣ ያልታወቀ ውሻም ይጠለልበታል። ድሮኑ ያን ሁሉ ታዛ ክፍል ብሎ ቆጥሮታል። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ይኸው ነው፤ ወተቷን ያላየናት ላም ግብር አምጡ ተባለባት።

ታዛው አንድ ጉድለት አለው፤ ቤቱን ያጨልማል። አባታችን ዝናቡን ሲከለክል ብርሃኑንም አብሮ ከልክሎታል። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ በአምፖል አይታይም፤ ዓይኑን የሚወድ ልብስ ሰፊ በቀን ብርሃን ነው የሚሠራው። ስለዚህ እኔ የምሠራው እዚያው ታዛው ሥር፣ ከፊት ለፊት፣ በሩ አጠገብ ነው። መኪናዬ እዚያ ነው፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ እዚያ ነው። ከሃያ አንድ ዓመቴ ጀምሮ እንጀራዬን የጋገርኩት በዚያች ጥግ ነው።

እትዬ ይሄን ነገር ወዳው አታውቅም። እንደሷ ነርስ እንድሆን ነበር ሐሳቧ። ሰው «እህትሽስ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ቤት ናት፤ ስፌት ትነካካለች» ትላለች። ትነካካለች! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይችን ቃል በሰማሁ ቁጥር መርፌ ጣቴን የወጋኝ ያህል ይሰማኛል፤ ግን ዝም እላለሁ። ያሳደገ ሰው ትንሽ ቢበድል ይቻላል እያልኩ።

ከማዘጋጃ ቤት እየበረርኩ መጣሁና ያገኘሁትን ነገርኳት። ሌባ የያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

«እትዬ፣ ታዛውን ነው የቆጠሩት! ሃምሳ ስምንቱ ታዛው ነው!»

አሰብ አደረገች። እትዬ ስታስብ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

«እንግዲያ ታዛውን እናስቆርጠው» አለች።

«ምን?»

«ከግድግዳው እኩል ይቆረጥ። ከዚያ መጥተው ደግመው ያንሱት። ሁለት ወር እችላለሁ፤ ሦስት ወር ግን አልችልም ሚጣ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ከምኑ ልግዛ?»

እኔው በእጄ! ዝም ብዬ ልብሴን ብሰፋ ምን ነበረበት? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። እኔ ግማሹን እከፍላለሁ አልኳት፤ እጇን አወናጨፈችብኝ። ከእኔ ገንዘብ ተቀብላ አታውቅም፤ ልጅ ገንዘብ አያወጣም ትላለች። ታዛው ከተቆረጠ እኔ የት ነው የምሠራው አልኳት። «ሳሎን ውስጥ አምፖል አብርተሽ ትነካኪያለሽ» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት አንድ የሰፈር አናጢ አነጋገረች። ሰኞ ጠዋት መጋዙን ይዞ ይመጣል ተባለ።

ቅዳሜ ደግሞ የበጀት ስብሰባ ነበር። የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ነዋሪው ይወያይበት ተብሎ ነው የተጠራው። ስለዚህ ቅዳሜ ተናግሬ ካላስመለስኩት ሰኞ የሥራ ቦታዬ በመጋዝ ይወርዳል። ሁለት ቀን ነበረኝ ማለት ነው። አልፈራሁም፤ ዋሸች እንዳትሉኝ፣ እንዲያውም ቸኮልኩ። ልኩ በእጄ ነው፤ ልክ በእጁ ያለ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ሥር ገብቶ ተቀመጥን። እትዬ ከጎኔ ናት። ሰብሳቢዋ የምክር ቤት አባል ናት፤ ቀልጠፍ ያለች፣ ሰዓቷን ፈታ ፊቷ ያስቀመጠች ሴት። ከእሷ ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ኃላፊ ተቀምጧል፤ ቀጭን ወጣት ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ በሁለት ጣት ይሰፋዋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይመስላል። ሳየው በመጀመሪያ ያሰብኩት ኮሌታውን ላጥብብለት ነው።

በጀቱን አነበበ። ለታችኛው መንገድ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለጤና ጣቢያው እድሳት፣ ለአሥራ ሁለት የእግረኛ ዝናብ መጠለያ። ለዚህ ሁሉ ነው የንብረት ግብሩ የጨመረው አለ።

ከዚያማ አዳራሹ ተቀወጠ። ዳቦ ጋጋሪው ብድግ ብሎ «አንከፍልም! የዱቄት ዋጋ፣ የመብራት ዋጋ፣ አሁን ደግሞ የቆምኩበት መሬት ዋጋ! ዳቦውን በስንት ልሽጠው?» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ተነሳችበት።

«አንተ ከላይ ስለሆንክ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ገብቶ መደርደሪያዬን አንሳፍፎት ሄደ። ቦዩ መቆፈር አለበት፤ በነፃ የሚቆፍር ካለ አምጣልኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«ታዲያ ሎሚውን ለምን በእጥፍ ሸጡልን?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሲካፈል ደግሞ ወረቀት አውጥቶ ተመኑን በዓመት፣ በወር፣ በቀን እያካፈለ ማንበብ ጀመረ። በሰዓት ሊያካፍለው ሲል ሰብሳቢዋ አስቀመጠችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተመኑ ይውረድ፣ ተመኑ አይውረድ ሲባል ቆየ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንድ ሰው እንኳን ስንት ካሬ ነው የተባልኩት ብሎ ወረቀቱን ያየ የለም። ጨርቁን ሳያስለካ በሜትሩ ዋጋ የሚጨቃጨቅ ደንበኛ በየቀኑ ስለማይ አልገረመኝም።

እጄን አወጣሁ።

«እኔ ግብር አልከፍልም የምል አይደለሁም» አልኩ። «ቦዩ ይቆፈር። መብራቱም ይብራ። የተመኑን ነገር ምክር ቤቱ ይጨቃጨቅበት፤ ለዚያ ነው የመረጥናቸው። እኔ የምጠይቀው ቤታችንን ማን ለካው ብዬ ነው።»

ከዚያ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ቆርቆሮውን፣ ድሮኑን፣ ዘጠና ስድስቱን፣ መቶ ሃምሳ አራቱን። አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «የእኔም!» አለ አንዱ፤ «የእኔማ ሰባ ካሬ ነው የጨመረ!» አለች ሌላዋ። እኔ አላቆምኩም።

«ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ይኸው ታዛችን ሥር የማይጠለል መንገደኛ የለም። በነፃ። ማዘጋጃ ቤቱ ታዛውን ክፍል ነው ብሎ ግብር ይወስድበታል፤ በግብሩ ደግሞ የዝናብ መጠለያ ይሠራል። ግብሩን ለመክፈል ታዛችንን እንቆርጣለን፤ እናንተ መጠለያ ትሠራላችሁ። ይኼ የማን ሂሳብ ነው? የሲካፈል እንኳን አይደለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲካፈል ራሱ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ያልሳቀው የበጀት ኃላፊው ብቻ ነው። እስኪያበቃ ጠበቀና ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«እናቴ፣ ያሉት ገብቶኛል» አለ። «ግን ፎቶ የመረጥነው አውቀን ነው። ድሮ ሰው ነበር ሜትር ይዞ የሚመጣው። ያኔ ምን ይደረግ እንደነበረ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለኪው ሲጋበዝ ቤቱ ይጠባል፤ ሳይጋበዝ ሲቀር ይሰፋል። ያለው ሰው ሰባ ካሬ፣ የሌለው ሰው መቶ ካሬ ይከፍል ነበር። ፎቶ ግን ግብዣ አይወድም።»

እውነቱን ነው። ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እኔ እውነት ሲነገረኝ፣ ከባላጋራዬም ቢሆን፣ ደስ ይለኛል። ልጁን በዚያች ሰዓት ወደድኩት።

«እሺ» አልኩት፤ «እንደ ድሮው አይሁን። መሬት ላይ ይለካ፤ ሦስት ጎረቤት ቆሞ ይይ፣ ይፈርም፤ ልኩ እዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ሁሉም ይየው። ጎረቤት ካየው ማን ያጭበረብራል?»

«ጎረቤትም ለጎረቤት ይዋሻል» አለ። «ታዛዎት ሥር ክፍል አለ ወይ፣ ሱቅ አለ ወይ፣ መጋዘን አለ ወይ ብንል ሁሉም ምንም የለም ነው የሚለው። ለምሳሌ እርስዎ። የእርስዎ ታዛ ሥር ምን አለ?»

ተንኮል አስቦ አልነበረም የጠየቀው፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ስለ እኔ ምንም አያውቅም። አዳራሹ ግን ያውቃል። ከኋላዬ ዳቦ ጋጋሪው «ለአየር ነው የምቀመጠው በይ!» ብሎ አንሾካሾከ። ሲካፈል ደግሞ ከወዲያ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፣ የትርፍ ጊዜ…» እያለ በአፉ ምልክት ያሳየኛል።

ሁለቱም ወደው አልነበረም። ታዛው ሥር ሥራ ይሠራል ካልኩ፣ ያ ልጅ «ይኸው፣ ታዛ ክፍል ነው» ብሎ ወረቀቱን ሊዘጋ ይችላል፤ የመንገዳችን ሁሉ ግብር በእኔ አፍ ሊጸና ነው። የንግድ ቦታ ተመን ደግሞ የመኖሪያው ሦስት እጥፍ ነው። የለም ካልኩ ግን ነገሩ አለቀ፤ ታዛው ተረፈ፣ ሰኞ መጋዝ የለም። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነው።

እትዬ ፊቷን ሳታዞር እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ሚጣ» አለች በለሆሳስ፤ «ትንሽ ስፌት እነካካለሁ በይና ቁጭ በይ።»

ቆሽቴ አረረ። ዞር ብዬ አዳራሹን አየሁት። የሰብሳቢዋን ጉርድ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የዳቦ ጋጋሪው የሠርግ ሱፍ፣ አሁን ሆዱ ላይ አልቆለፍ ያለው፣ የእኔ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ነጭ ጋውን፣ የሲካፈል ኮት፣ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ልብስ፣ እትዬ ራሷ ጡረታ ስትወጣ ለብሳው ሽልማት የተቀበለችበት ቀሚስ። ይኼ ሁሉ መነካካት ነው? እኔ ሠላሳ ዓመት አየር ስቀበል ነው የኖርኩት? ሥራዬን በገዛ አፌ ክጄ ያተረፍኩትን ታዛ ሥር ነገ በምን ዓይኔ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ?

«የሥራ ቦታ አለ» አልኩ። «የስፌት መኪና አለ፤ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር፤ ስድስት ካሬ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ በንግድ ተመን መዝግቡት፤ የምከፍለው እኔ ነኝ። የቀረው ሃምሳ ሁለት ካሬ ግን የዝናብና የመንገደኛ ነው። ለእሱ ሳንቲም አልከፍልም።»

«በላችን!» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ አሁን አላንሾካሾከም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የእትዬ እጅ ከእጄ ላይ ተነሳ። እኔ ወገቤን ቀጥ አድርጌ እንደቆምኩ ቀረሁ። የበጀት ኃላፊው ብዕሩን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ስድስት» አለ።

«ስድስት። መጥተህ ለካው።»

«እዚህ ሥራ ላይ አራት ዓመቴ ነው» አለ ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ፤ «በራሱ ላይ ካሬ ያስጨመረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት እጇን ቀስ ብላ አወጣች። «እንግዲህ ካልቀረ… እኔ ታዛ ሥር ካርቶን አስቀምጣለሁ። ሁለት ካሬ ይሆናል።» አንድ ሁለት ሰው ቀጠለ። ሁሉም ዳቦ ጋጋሪውን ማየት ጀመረ። እሱም ላቡን ጠረገና «አራት ካሬ ዱቄት» አለ፣ ጥርስ እንደተነቀለ ሰው። ሲካፈል ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ፤ «በእኔ ታዛ ሥር ያለው ጥላና የጎረቤት ድመት ነው፤ ድመቷን ከፈለጋችሁ መዝግቧት» አለ።

ሰብሳቢዋና ልጁ አንገት ለአንገት ገጥመው ተነጋገሩ። ከዚያ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ በእኛ መንገድ ያሉ ቤቶች ጎረቤት ባለበት መሬት ላይ ይለካሉ፤ እስኪለኩ ድረስ ግብሩ አይሰበሰብም፤ የቤቱ ባለቤት ልኩን አይቶ ይፈርማል። ተመኑ ግን እጥፍ እንደሆነ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። ስለሱ ገና ብዙ እንጮሃለን። መለካቱ የሚጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው፤ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ከእኛ ቤት።

ሰው እጄን እየጨበጠ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳን «አንቺ ሴት ገደልሽኝ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እትዬ ግን እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እሑድም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ዋለች፤ ያልተጨማደደውን ጭምር። ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም።

«አናጢውን ቅሪ አልሽው?» አልኳት።

«ሰኞ ይመጣል ብያለሁ፤ ሰኞ ይመጣል» አለች ቀና ሳትል። ቆይታ ደግሞ «ሠላሳ ዓመት ማንም ሳይጠይቅሽ ኖረሽ፣ በማይክሮፎን አወጅሽው» አለችኝ።

ክፉኛ ከፋኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ማሳመን ችዬ አንዲት እህቴን አልቻልኩም። ካርታው የእሷ ነው፤ ፊርማውም የእሷ ነው። ታዛው ይቆረጥ ካለች ስድስቱም ሃምሳ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ በቤቷ ላይ ንግድ የሚባል ነገርም አይጻፍም፤ እኔም አምፖል ሥር እገባለሁ። ማንም አይከለክላትም። እኔም ብሆን አሳዳጊዬን በቤቷ ክሰሻት ቢሉኝ አልከስም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አናጢው መጣ። መሰላሉን ከፊት ለፊት፣ ልክ ከእኔ ጥግ አጠገብ አስደግፎ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ የአንድ ሹፌር ሱሪ እግር እያሳጠርኩ ነበር። አልተነሳሁም። ይቁረጡት ካሉም እስኪወድቅ ድረስ እየሰፋሁ ነው የምቆየው ብዬ ወስኛለሁ። ሲካፈልና የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ለምስክርነት መጡ፤ ዳቦ ጋጋሪውም ዱቄቱን ሳያራግፍ ተከተላቸው።

ሁለት ለኪዎች ረጅም ሜትር ይዘው ደረሱ። ግድግዳውን ዞሩት፤ ዘጠና ስድስት። ሲካፈል «እህ!» አለ። ከዚያ ወደኔ መጡና ይነሱልን አሉኝ፤ ተነሳሁ። ሦስት ሜትር። ሁለት ሜትር።

«ስድስት» አለ ትልቁ ለኪ፤ «አንዲት ጣት አልተሳሳቱም።» ቅጹን ሞላና በሩ ላይ ለቆመችው ለእትዬ ሰጣት። «ሲስተር፣ አይተው እዚህ ጋ ይፈርሙ። መሰላል አያለሁ፤ ታዛው የሚቆረጥ ከሆነ ግን አይፈርሙ፤ ይህን ቀደን ሌላ እንሞላለን።»

እትዬ መነጽሯን አደረገች። ሆስፒታል እያለች የታማሚ ካርድ እንደምታነበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ መስመር ሳትዘል አነበበችው። አናጢው አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እኔ የሹፌሩን ሱሪ ጨብጬ ቆሜአለሁ።

«ስህተት አለበት» አለች።

ከበሩ ወጥታ በጥጌ አለፈችና ግድግዳው ሥር ወዳሉት ሁለት ወንበሮች ሄደች። በእግሯ ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረች።

«እነዚህ የእህቴ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁባቸው ናቸው» አለች። «ሥራዋ እዚህ ድረስ ነው። ይኼን አልለካችሁትም። ሰባት ካሬ ነው።»

ለኪው ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ ከዚያ እትዬን አያት። «ሲስተር፣ በንግድ ተመን እኮ ነው፤ ሦስት እጥፍ።»

«ማንበብ እችላለሁ። ደግሞ እዚህ ጋ የሥራው ዓይነት በሚለው ላይ ስፌት ብለህ ነው የጻፍከው። ስፌትማ ማንም ይሰፋል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ብለህ ጻፍ።»

ለኪው ሰረዘና ጻፈ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። እትዬ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች፤ ጎረቤቶቹም ተራ በተራ ፈረሙ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ አናጢው ዞረች።

«አንተ ደግሞ መሰላልህን አንሳ» አለችው። «የቆመው ደንበኛ የሚገባበት ላይ ነው።»